የደብራችን ዕድሜና የእናቴ ቆርቆሮ

ከዓረብ አገር የተመለስሁ ዕለት እናቴ አስፋልቱ ዳር ቆማ ጠበቀችኝ። ደብረ ታቦር ድረስ መምጣት አቅቷት አይደለም፤ መኪና ያዞራታል። አቅፋ ሳመችኝ፤ አገላብጣ አየችኝ፤ ከስተሻል አለችኝ፤ ከዚያ የሻንጣዬን ክብደት በአንድ እጇ መዘነችና «በይ እንግዲህ፣ ቆርቆሮውን መቼ እንግዛ?» አለች።

እኔ ለቤታችን መስሎኝ ደስ አለኝ። የቤታችን ሣር ክዳን በጉና ተራራ ንፋስ ተላጭቶ ማገሩ መታየት ጀምሮ ነበር። ዳገቱን እያለከለክሁ ስወጣ ነው ነገሩ የገባኝ። ቆርቆሮው የእኛ አይደለም፤ የመልአኩ ነው። ስልኬ ጠፍቶ ድምፄን ያጣች ጊዜ ከደብራችን ደጃፍ ተንበርክካ ስለ እኔ ተስላ ኖሯል። ሰው ጧፍ ይሳላል፤ ጥላ ይሳላል፤ የሞላለት ደግሞ በግ ይሳላል። የእኔ እናት ጣራ ተሳለች፤ ያውም ስፋቱን ሳትጠይቅ።

የመልአኩን ስም አልጠራም። የእኛን ደብር በስም ካነሳሁ ከሸለቆው ማዶ ያለው ደብር ሰዎች የእኛ ለምን ቀረ ብለው ይቀየማሉ፤ ከእነሱ ጋር ደግሞ ያለው ቅያሜ ይበቃናል።

የእኔ ሐሳብ ሌላ ነበር። ደብረ ታቦር ላይ የሴቶች ፀጉር ቤት ልከፍት፣ የሚከራየውን ክፍል ፎቶ ሁሉ በስልክ አይቼ ነው የመጣሁት። እናቴ ግን ስለቱ ሳይገባ አንድም ነገር እንደማልጀምር ነገረችኝ። ፀጉር ቤት የለም፤ ባል የለም፤ ከተማ ማደርም የለም። መልአኩ የሰጠውን መልሶ ሊወስድ ይችላላ! ስለቱን አዘግይቶ በሬው ገደል የገባበትን፣ የተሳለውን ወይፈን ሸጦ ጎተራው የተቃጠለበትን ሁሉ አንድ በአንድ ታውቃለች። እኔ በበኩሌ የፈራሁት መልአኩን ሳይሆን ክፍሉን ሌላ ሰው እንዳይከራየው ነበር።

ስለ ሕንፃ የማውቀው ከወለል ወደ ላይ ነው። ዓረብ አገር የእብነ በረድ ደረጃ ስወለውል ስለኖርሁ አንድን ቤት ሳይ ማን ሠራው አልልም፤ አቧራው የት ይደበቃል ነው የምለው። በዚህ ሚዛን የደብራችን ቤተ ክርስቲያን ደግ ቤት ነው። ክብ ነው፤ መጥረጊያ ይዞ የተነሳ ሰው እየዞረ ከጀመረበት ይደርሳል። የውጪው ቀለበት ካህናቱ ከበሮና ጸናጽል ይዘው የሚዘምሩበት ቅኔ ማኅሌት ነው። ቀጥሎ ያለው ሕዝቡ የሚቆርብበት ቅድስት ነው፤ እኛ ሴቶች በደቡብ በር፣ ወንዶች በሰሜን በር እንገባለን። መሐሉ ላይ ግን መቅደሱ አራት ማዕዘን ሆኖ ቁጭ ብሏል። ክቡና አራት ማዕዘኑ የሚጠጋጉበት ጠባብ ጠባብ ቦታ አለ፤ የዲያቆናቱ መጥረጊያ እዚያ ሳይደርስ ይመለሳል። ከደቡብ በር ቆሜ ባየሁት ቁጥር እጄን ይበላኛል።

ግድግዳው ድንጋይና ጭድ የተቦካበት ጭቃ ነው። ውፍረቱን ለማወቅ መስኮቱን ማየት ይበቃል፤ ሰው ጋደም ቢልበት አይወድቅም። በሮቹ ከዝግባ ግንድ የተጠረቡ ናቸው፤ በሙሉ ሥራው አንድ ምስማር አይገኝም። ወራጆቹ ከዙሪያው ተነስተው አናት ላይ ይገናኛሉ፤ ማገሩ በጠፍር ነው የታሰረው። ከዚያ በላይ ያለው ክዳን ጓሳ ነው፤ ከጉና ጫፍ የሚታጨድ ቀጭንና ጠንካራ ሣር። ከሁሉ በላይ ጉልላቱ፣ በጉልላቱ ላይ ደግሞ የሰጎን እንቁላሎች አሉ። በእኛ አገር ሰጎን ያየ ሰው የለም፤ ስለ እንቁላሉ ምሥጢር ግን ለማስረዳት የማይነሳ ሽማግሌ የለም።

ክዳኑ አርጅቶ ያፈስ ነበር። በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ካሉት ሥዕሎች መጀመሪያ ውሃው የደረሰው ሲኦል ላይ ነው። ሁለት ክረምት ሙሉ የዲያብሎስን ፊት ሲያጥብ ከረመና ከቀንዶቹ በቀር ምንም አላስቀረለትም። ብዙ ሰው ይህን እንደ በጎ ምልክት ቆጥሮት ነበር። የደብሩን ንብረት የሚጠብቁት ቄሰ ገበዝ ግን እንቅልፍ አጡ፤ ውሃው ዲያብሎስን ጨርሶ ወደ ጻድቃን መሻገር ጀምሯል አሉ።

ስለ ደብሩ ዕድሜ የሚጠየቁት አጎቴ ነበሩ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም። አጎቴ ታሪክ የሚናገሩት ማዶ ያለውን ደብር እያዩ ነው። ሸለቆውን ተሻግሮ፣ ከእኛ ከፍ ብሎ፣ ጉና ጥግ ላይ ሌላ ደብር አለ። ማዶዎቹ ጎንደር ሲቆረቆር ነው የተተከልነው ካሉ፣ አጎቴ የእኛን ከጎንደር በፊት ያደርጉታል። እነሱ ከጎንደር በፊት ነን ካሉ፣ አጎቴ የእኛን ክርስትናን መጀመሪያ ወደ ተቀበሉት ወንድማማቾች ነገሥታት ዘመን ይዘውት ይሄዳሉ። ልጅ ሆኜ የማስታውሰው ደብራችን በየንግሡ በዓል ሁለትና ሦስት መቶ ዓመት ሲያረጅ ነው። ከዚያ በላይ ወደ ኋላ ለመሄድ ክርስትናው ራሱ ባይከለክላቸው ኖሮ አጎቴ አይመለሱም ነበር።

እንግዲህ ቆርቆሮ ልንገዛ ደብረ ታቦር ወረድን። አናጢው የጣራው ስፋት ስንት ነው አለን። እናቴ፣ ቤተ ክርስቲያን የሚያህል ነው አለችው። አናጢው ትዕግሥተኛ ሰው ነበር፤ ቢያንስ ዙሪያውን ለክታችሁ ኑ ብሎ መለሰን።

በሚቀጥለው እሑድ ቅዳሴው እንዳለቀ እናቴ የጥጃ ማሰሪያ ገመድ ከነጠላዋ ሥር አወጣች። አንዱን ጫፍ ድንጋይ ጫነችበት፤ ሌላውን ይዛ ግድግዳውን እየታከከች ትሄዳለች፤ ገመዱ ሲያልቅ ትቋጥራለች፤ ተመልሳ ድንጋዩን ታነሳለች፤ እንደገና ትቀጥላለች። እንዳይሳሳትባት ቁጥሩን በከንፈሯ ታነበንባለች። ያየ ሰው ሁሉ የምትጸልይ መሰለው። እሷ ደግሞ ካቋረጠች ቁጥሩ ስለሚጠፋባት ሰላምታም አልመለሰችም። ይሄኔ ነገሩ የባሰ ጽድቅ መሰለ።

በሳምንቱ ሁለት ሴቶች ገመድ ይዘው ሲዞሩ አየሁ። ምነው አልኋቸው። እናትሽ በገመድ ዞራ አይደለም ወይ መልአኩ ቆርቆሮ የገዛላት አሉኝ። ቆርቆሮውን የሚገዛው የእኔ የእብነ በረድ ደረጃ መሆኑን ላስረዳ ብሞክርም የሚሰማኝ አልነበረም። በወሩ ገመድ ያልያዘች ሴት ማየት ቸገረ። ልጅ አጥታ የኖረች አንዲት ጎረቤታችን ከዞረች በኋላ ስታረግዝማ ነገሩ አበቃለት። ቄሰ ገበዙ መጀመሪያ ገሠጹ፤ ኋላ ግን ሰው ቤተ ክርስቲያን ዞረ ተብሎ አይቀጣም ብለው ተዉት። እናቴ ብቻ ታፍር ነበር። እሷማ መልካም ለክታ ጨርሳለች።

ቆርቆሮው በአይሱዙ እስከ አስፋልቱ መጣ፤ ከዚያ ወዲህ በሰው ጭንቅላት። የጉና ንፋስ ቆርቆሮ ይወዳል፤ ሁለት ጎልማሶች ከነሸክማቸው ተገፍተው የሰው ገብስ ውስጥ ገብተው ተመለሱ። የደብሩ ዕቃ ቤት ጠባብ ስለሆነ እስከ ሥራው ቀን እኛ ቤት ተደረደረ።

የእኛ ቤት እንደነገርኋችሁ ያፈሳል። የስለት ዕቃ ለሌላ ነገር አይውልም፤ እንኳን ቤት ልንከድንበት የእጅ ፎጣ እንኳ ላሰጣበት ብል እናቴ በዓይኗ ገላመጠችኝ። የበልግ ዝናብ ሲመጣ ውሃው ከክዳኑ እየሾለከ ቆርቆሮው ላይ ጠብ ጠብ ይላል። እናቴ ተነሳች፣ አልጋዬ ላይ ያለበስነውን ላስቲክ ገፈፈች፣ ቆርቆሮውን አለበሰች። ለዝናብ የተሠራ ቆርቆሮ ዝናብ እንዳይነካው ላስቲክ ለብሶ፣ እኔ ከጎኑ እርጥብ ብርድ ልብስ ውስጥ ተኝቼ ክረምቱን መጠበቅ ጀመርሁ። ያን ጊዜ ከመልአኩ ጋር በግሌ ተኳርፌ ነበር።

ከትንሣኤ በኋላ፣ ክረምት ሳይገባ ጣራው ይለወጥ ተብሎ ቀን ተቆረጠ። የቅርስ ባለሙያው የመጣው በዚያው ሳምንት ነው። ከከተማ የተላከ፣ ካሜራ ያንጠለጠለ ትሑት ወጣት ነበር። ማን ጠራው? እኛው ነን። ማዶ ደብር በር ላይ ታሪካዊ መሆኑን የሚገልጽ ሰሌዳ የቆመ ዓመት አጎቴ ታመው ነው የከረሙት፤ ሲሻላቸው ሽማግሌ አስከትለው ከተማ ወረዱና የእኛም ይመዝገብልን፣ የእነሱ ታሪካዊ ከሆነ የእኛማ ምን ሊባል ነው ብለው አመልክተው ተመለሱ። ማመልከቻው ተረስቶ፣ ተረስቶ፣ ቆርቆሮው ቤታችን ገብቶ ሲያበቃ ተራው ደረሰ።

አጎቴ የክት ጋቢያቸውን ለብሰው አስጎበኙት። በሮቹን፣ ጠፍሩን፣ እንቁላሉን አሳዩ። ንብ ከጣራው ወጥታ ጠላት እንደመለሰች ተረኩ። ዕድሜውን ሲጠየቁ ወደ ማዶ አንድ ጊዜ አዩና፣ የወንድማማቾቹ ነገሥታት ሥራ መሆኑን፣ እሱም ቢሆን እድሳት እንጂ ተከላ እንዳልሆነ አስረዱ። ልጁ ሳይከራከር ይጽፋል። በዚህ መሐል ሴቶቹ ገመዳቸውን ይዘው በግድግዳው ዙሪያ ብቅ አሉ። ልጁ ብዕሩን አቆመ። ይህ ሥርዓት ከመቼ ጀምሮ ነው አለ።

«ከጥንት» አሉ አጎቴ፣ ዓይናቸውን ሳያሹ።

እናቴ ከጥዱ ሥር ተቀምጣ ነበር፤ ብድግ አለች። የእኔ የጥጃ ገመድ እኮ ነው፣ ዘንድሮ ጣራ የለካሁበት ነው አለች። አጎቴ፣ እህቴ ናት፣ ትንሽ ደክማለች አሉት። ልጁ በአዘኔታ ፈገግ ብሎላት ሴቶቹን ፎቶ አነሳ። ገመዱንም ለብቻው አነሳው። እንዲህ ያለ ሕያው ሥርዓት በሌላ ቦታ አይቼ አላውቅም አለ፤ በዚህ በኩል እንኳ አልተሳሳተም።

ከዚያ ሁላችንንም ሰብስቦ አመሰገነና ነገሩን ተናገረ። ይህን ያህል ዕድሜ ያለው፣ እንዲህ ያለ ሥርዓት የሚፈጸምበት ቤት ቅርስ ነው። ስለዚህ አንድ ምስማር አይመታበትም፤ ቆርቆሮ የሚባል ነገር ወደ ግቢው አይገባም።

ሁሉም ሰው ወደ እኔና ወደ እናቴ ተመለከተ። አጎቴ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

«እርግጥ» አሉ፣ «እኔ በአካል አልነበርሁም።»

ልጁ ሰው ቤት አደረ፤ በማግሥቱ ደብራችን ዕድሜው እየቀነሰ ወጣት መሆን ጀመረ። አንዱ ሽማግሌ ተነስቶ፣ የድሮው ተቃጥሎ ይህኛው ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የተሠራ ነው አለ። ሌላው፣ ከተቃጠለ በኋላ የተሠራውም ፈርሶ እንደገና ነው የተሠራው አለ። በሮቹን አያቴ ናቸው የጠረቧቸው ያለም ነበር፤ የሰውየው አያት ሸማኔ እንደነበሩ ሁላችን እናውቃለን። ከሁሉ የሚያሳዝኑት አጎቴ ነበሩ። አንድ መቶ ዓመት በቀነሱ ቁጥር ከአካላቸው ሥጋ የተቆረጠ ያህል ፊታቸው ይጨማደዳል፤ ማዶዎቹ ይሰሙኛል ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር የሚቀንሱት።

በመጨረሻ ሥዕሉን ይዘው ቀረቡ። የጌታን መቃብር የሚጠብቁት ጭፍሮች ጠመንጃ አንግበዋል። በዚያ ዘመን ጠመንጃ ከየት ይመጣል፣ ይኸው፣ ቤቱ ገና ልጅ ነው አሉ አጎቴ። ልጁ ሥዕሉ ከግድግዳው በኋላ የተለጠፈ መሆኑን በእርጋታ አስረዳቸው። ቸገረንና ቄሰ ገበዙን እንዲመሰክሩ ለመንናቸው። መስቀላቸውን ከእጅ ወደ እጅ ሲያዛውሩ ቆይተው፣ እኔ ስወለድ ቆሞ ነው ያገኘሁት፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን ለሚያውቀው ተዉለት አሉ። ከእሳቸው አፍ ውሸት ማውጣት ከድንጋይ ቅቤ ማውጣት ነው።

ልጁ ወደ ከተማ ወረደ፤ ብዙም ሳይቆይ መልሱ በስልክ መጣ። ዕድሜው አጎቴ በመጀመሪያው ቀን ካሉት እጅግ ያነሰ፣ በሁለተኛው ቀን ካሉት እጅግ የበለጠ ነው። ጣራው በሣር ይጠገን፤ ቆርቆሮ ክልክል ነው። የገመዱ ዙረት እንዳይቋረጥ አደራ ተባልን።

እናቴ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም። በኋላ ቄሰ ገበዙ መጡና መፍትሔ ሰጡ፤ ቆርቆሮው የቁርባኑ ኅብስት ለሚጋገርበት ለቤተ ልሔሙ ይሁን አሉ። ለቤተ ልሔም አልተሳልሁም አለች። ለደጀ ሰላሙስ? አልተሳልሁም። ተሸጦ ለሣሩ ማሳጨጃስ? የስለት ዕቃ ገበያ ላወጣ ነው ወይ ብላ አለቀሰች። እኔም አለቀስሁ፤ የእኔ ግን ለከተማው ክፍል ነበር። አከራዩ የመጨረሻ ስልኩን ደውሎልኝ ነበር።

ችግሩ በዚህ አላበቃም። ሣር የለም። በእኛ በኩል ያለው መሬት ሁሉ ታርሶ ገብስና ድንች ሆኗል። ቤት የሚከድን ጓሳ ያለው ጉና ላይ ብቻ ነው፤ ያንን ደግሞ የሚያስጠብቁት ማዶዎቹ ናቸው።

አንድ ቀን ግልገል ፍለጋ ወደ ማዶ ዘልቄ ደብራቸውን በዓይኔ አየሁት። ሰሌዳው ቆሟል፤ ቤቱ ግን ሰሌዳው ከመምጣቱ ብዙ ቀድሞ ቆርቆሮ የለበሰ ነው። ጉና ባለፈው ክረምት ንፋሱን ልኮ ግማሹን ገንጥሎታል፤ የቀረው ዝጎ እንደ ወንፊት ብርሃን ያስገባል። እኛ ዘንድ ሰው ሣር አጥቶ ቆርቆሮ ታቅፎ ተቀምጧል፤ እነሱ ዘንድ ቆርቆሮ አጥተው ሣር ይጠብቃሉ። ልውውጡን የሚያየው ማንም ልጅ ነው፤ ለመናገር ግን ከዓረብ አገር የመጣ ዓይነ ደረቅ ያስፈልግ ነበር። ተናገርሁ። አጎቴ እስከ ዛሬ የማይታወቅ ቁጣ ተቆጡኝ፤ ከዚያ ሌሎቹ ሽማግሌዎች ሲያግባቧቸው ሽማግሌ አድርጋችሁ ካልላካችሁኝ ብለው አስቸገሩ።

ድርድሩ ሸለቆው ውስጥ፣ ወንዙ ዳር፣ ማንም ወደማንም ሳይሄድ ተደረገ። ግማሽ ቀን ሙሉ ስለ ከብትና ስለ በረዶ አወሩ። አጎቴ፣ ቆርቆሮ በዝቶብን መተኛ አጣን አሉ፤ በዚህ አልዋሹም። የማዶዎቹ ሰው፣ ጓሳው በዝቶ ጅብ እየተደበቀበት ነው አሉ። ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ማንም ማንንም ሳይለምን ተስማሙ፤ ማን ይቅደም የሚለውን ጥያቄ ብቻ ሁለታችንም በአንድ ቀን እንጀምር ብለው ፈቱት።

የቀረችው እናቴ ነበረች። ቤታችን ሰው ሞላ። ቄሰ ገበዙ፣ በሰማይ ቤት ሸለቆ የለም፣ ማዶም ወዲህም አንድ ጌታ ነው አሏት። አይሆንም አለች። ሣሩ ያንቺ ስለት ተብሎ ይቆጠርልሻል አሏት። ሣርማ አይሆንም አለች። ይሄኔ ትዕግሥቴ አለቀ። በሰው ፊት እናቴ ላይ ጮህሁ። መልአኩ ልብሱን አይመርጥም፣ የምትመርጪው አንቺ ነሽ፣ በቆርቆሮ ለውጠሽ አስረሽ አስቀመጥሽኝ አልኋት።

እናቴ አልተቆጣችም። ቆርቆሮው ላይ ያለውን ላስቲክ እያስተካከለች ተናገረች።

«እኔኮ በሕይወት አልለመንሁሽም። የታችኛዋ ጎረቤታችን ልጅ እዚያው አሸዋ ውስጥ ስትቀር አይቻለሁ፤ እናቷ የምታለቅስበት መቃብር አጣች። እኔ የለመንሁት ሬሳሽን ነው። ካባትሽ ጎን ላሳርፍሽ ብዬ ነው። እሱ በእግርሽ አመጣልኝ። ለሬሳ ቆርቆሮ የተሳልሁ ሴት ለሕይወት ሣር ልስጠው?»

አጎቴ ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። ስልኬ በጠፋባቸው ወራት እኔ የሰው ሳሎን ስወለውል እሷ የት ቆማ እንደነበር ለመጀመሪያ ጊዜ ታየኝ። አፈርሁ ማለት አይበቃም፤ እግሯ ሥር ልወድቅ ፈልጌ ሰው ስለሞላ ቦታ አጣሁ።

መፍትሔው የተገኘው ከቄሰ ገበዙ ነው።

«እንግዲያው ሁለቱንም ስጪ። ቆርቆሮው ለለመንሽው ይሁን፤ በጌታ ቤት ላይ እስከዋለ ድረስ ማዶም ቢሆን ይቆጠራል። ላልለመንሽው ለሕይወቷ ደግሞ ሣሩን እሷው በጀርባዋ ታምጣ።»

እናቴ አሰበች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ከላይ እስከ ታች መዘነችኝ፣ ያን ቀን ሻንጣዬን እንደመዘነችው አይደለም፤ በግ እንደሚመዘን ነው። ትችላለች ወይ አለች።

ችያለሁ። በሰባራ አካሌ ነው እንጂ ችያለሁ። ጉና ላይ ብርዱ ጥርስ ያራግፋል፤ ጓሳ ደግሞ ሲያዩት ላባ ነው፣ ሲሸከሙት ውሃ የሞላ ገረወይና። ከዓረብ አገር ያመጣሁት ነጭ ጫማ በመጀመሪያው ቁልቁለት ሶሉን ጥሎ ሄደ። ማዶዎቹ ሴቶች መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ሳቁብኝ፤ በሁለተኛው ቀን ግን ሸክሜን አስተካክለው ያስሩልኝ ጀመር። ሌላውን ሣር የደብሩ ሰው ሁሉ ተሸከመ፤ የእኔን ሸክም ግን እናቴ ግቢው በር ላይ እየጠበቀች ለብቻ አስቀመጠችው፤ ከድነው ሲጨርሱም የት ላይ እንደዋለ ከዳኞቹን ጠይቃ አረጋገጠች። ሴት ጣራ አትወጣም እንጂ ራሷ ብትሰካው በወደደች።

ማዶ ደግሞ ቆርቆሮው ተመታ። አጎቴ ምስማር ሲመታ ቆመው አዩ፤ ሲመለሱ፣ ጣራቸው አብለጭልጮ ዕድሜያቸውን ገፈፋቸው፣ አሁን ማን ጥንታዊ እንደሆነ በሩቁ ይለያል አሉ።

የመጀመሪያው የሰኔ ዝናብ የጣለው ቅዳሴ ላይ ሳለን ነው። እናቴ ቅድስት ውስጥ፣ በደቡብ በር በኩል፣ ሁልጊዜ ከምትቆምበት ቆመች። ቆርቆሮ ቢሆን ኖሮ የካህኑ ድምፅ አይሰማም ነበር፤ ሣሩ ግን ዝናቡን ዝም ብሎ ይቀበላል። መዳፏን ዘረጋች፤ ቆየች። ምንም ጠብ አላለም። እጇን ነጠላዋ ውስጥ መልሳ ከተተች።

ቤት ስንደርስ ሳትቀመጥ ሻንጣዬን ከአልጋው ሥር ጎተተችው፤ በነጠላዋ ጫፍ አቧራውን ጠረገችና በሩ ላይ አቆመችው።

«ሂጂ እንግዲህ፣ ፀጉር ቤትሽን ክፈቺ» አለች። «እስከ ዛሬ የሱ ነበርሽ፤ በዋስ ነው ያቆየሁሽ። አሁን የራስሽ ነሽ።»

ይህን ቃል ለመስማት ወራት ሙሉ ስነጫነጭ ነው የከረምሁት። ሻንጣውን አየሁት። የቤታችን ክዳን እንደ ልማዱ ያፈሳል፤ ቆርቆሮው የነበረበት ቦታ ባዶ ነው፤ እናቴ ውሃው የሚንጠባጠብበት ላይ ድስት ታስቀምጣለች።

ዝናቡ እስኪያባራ ልቆይ አልኋት። ክረምቱ ገና መግባቱ ነበር።